ስም የማይጠራበት ለቅሶ

የወይዘሮ ሞልቱ ሥርዓተ ቀብር በተፈጸመ ማግስት፣ በጀሞ የጋራ መኖሪያ ሕንፃዎች መካከል በተተከለው የእድር ድንኳን ውስጥ፣ ባለቤታቸው አቶ ቦንሳ ሮበሌ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው በአግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው ነበር። ከቀትር በኋላ ድንኳኑ በሰው ሞላ። የእድሩ ጸሐፊ አቶ አምሐ እንደ ወትሯቸው ተነሥተው፣ ድምፅ ማጉያውን ወደ አፋቸው አስጠግተው፣ የአባላቱን ስም በየሕንፃቸው ይጠሩ ጀመር። የተጠራው ሁሉ «አቤት» ይላል፤ ያልመጣው ይታለፋል። ጥሪው ሲወርድ ሲወርድ «ቦንሳ ሮበሌ» ከሚለው ስም ደረሰ። አቶ ቦንሳ ቀና ሳይሉ፣ ሐዘንተኛው ራሳቸው መሆናቸውንም ሳያስታውሱ፣ «አቤት» ብለው መለሱ። አቶ አምሐ ደንገጥ ብለው ወደሚቀጥለው ስም አለፉ።

ስም ጥሪው እንዳበቃ ሰዉ ይነሣ ጀመር። «እግዚአብሔር ያጽናዎት»፣ «ነፍስ ይማር» እያለ፣ ከፊሉ ስልኩን እያየ፣ ከፊሉ ታክሲ እንዳያመልጠው እየተጣደፈ ወጣ። ወዲያው ድንኳኑ ውስጥ ከጥቂት የሥጋ ዘመዶችና ከአንድ ሰው በቀር የቀረ አልነበረም። ያ ሰው ከሕንፃው ምድር ቤት ሱቅ ያላቸው አቶ ከድር ነበሩ። ሱቃቸውን ዘግተው፣ ቆባቸውን በጉልበታቸው ላይ አኑረው፣ ከአቶ ቦንሳ ፊት ለፊት ተቀምጠዋል።

«አንተ መምህር» አሉ አቶ ከድር ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፤ «በገዛ ሚስትህ ለቅሶ ቀሪ እንዳትባል ፈርተህ ነው?»

አቶ ቦንሳ ሊስቁ ጀምረው ነበር፤ ሳቁ ከጉሮሯቸው ሳይወጣ ወደ ልቅሶ ተለወጠ። አቶ ከድርም አልከለከሏቸውም፤ ተነሥተው አጠገባቸው ተቀመጡ።

ይህን የስም ጥሪ ሥርዓት የሠራው ሌላ ማንም አልነበረም፤ ራሳቸው አቶ ቦንሳ ነበሩ። እኚህ ሰው ከፉሪ ግርጌ ከገበሬ ቤት ተወልደው፣ ዕድሜያቸውን በመካኒሳ ፊዚክስ ሲያስተምሩ የኖሩ ናቸው። ከተማው እየሰፋ መጥቶ የአባታቸውን የጤፍ ማሳ መንገድና ሕንፃ ሲወርሰው የመንደሩ ሰው በየአቅጣጫው ተበተነ፤ እርሳቸውና ወይዘሮ ሞልቱም ጀሞ ከአንድ ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ ገቡ። በዚያ ሰው በደረጃ ላይ ሲተላለፍ አንገቱን ሰበር አድርጎ ያልፋል እንጂ እንዴት አደርህ አይባባልም ነበር። በሕንፃው የመጀመሪያው ሰው በሞተ ጊዜ አስከሬኑን ከፎቅ የሚያወርድ ጎረቤት ታጣ፤ ሐዘንተኞቹ ከመንገድ የቀን ሠራተኛ ጠርተው አስወረዱ። ነዋሪው በዚህ አፈረና እድር አቋቋመ፤ መምህር ናቸው ብሎም አቶ ቦንሳን ሊቀ መንበር አደረገ።

መምህሩም የሚያውቁትን ይዘው ሥራ ጀመሩ። ዓለም እንደ ታላቅ ሰዓት ናት፤ አንዱ ጥርስ ሌላውን ይገፋል፤ የእያንዳንዱን መዘውር ቦታና ኃይል ያወቀ ሰው ነገ የሚሆነውን ዛሬ ይናገራል፤ ይህን ለዘመናት አስተምረዋል። እድሩንም እንደዚሁ አድርገው አነጹት። ሞት ሲደርስ ወሬው ለሊቀ መንበሩ፣ ከሊቀ መንበሩ ለጸሐፊው፣ ከጸሐፊው ለየሕንፃው ተጠሪ፣ ከተጠሪውም ለለፋፊው ለቀጄላ ይደርሳል፤ ቀጄላ በማጉያው ሲለፍፍ ሰው ይወጣል። ኃይሉ በመንገድ እንዳይባክንም ስም ይጠራል። ሥርዓቱ ያለ እንከን ሠራ። ከሌላ ሰፈር ሳይቀር እድሮች መጥተው አይተው ሄዱ።

ያልወደዱት አንዲት ሰው ወይዘሮ ሞልቱ ነበሩ። ከለቅሶ በተመለሱ ቁጥር ነጠላቸውን እያጠፉ፣ «የሴና አባት» ይሉ ነበር፤ «ይህ የሰው ቆጠራ ነው እንጂ ለቅሶ ነው? አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት ስሟ እስኪጠራ ድረስ እግሯን ስታወዛውዝ ነበር። ማን እንደ ሞተ እንኳ ጠየቀችኝ እኮ!»

«ይሁን፤ መጥታለች» ይሉ ነበር አቶ ቦንሳ። «ሥርዓት ባይኖር ይህቺም አትመጣም።»

ወይዘሮ ሞልቱ ታምመው ከቤት በዋሉበት ወራት ወንበራቸው ከበረንዳው አይነሣም ነበር። ከዚያ ሆነው የፉሪን ተራራ ያያሉ። እንደ እርሳቸው አገር ልማድ፣ አንዲት ሴት በደጇ ቆማ ዋይ ስትል የሰማ ሁሉ፣ ወንዱ ሞፈሩን ጥሎ፣ ሴቷ የቡሖ እቃዋን ከድና፣ ይመጣል። ማንም አይልከውም፤ ማንም አይመድበውም። አንዱ ውኃ ይቀዳል፣ አንዱ እንጨት ይፈልጣል፣ አንዷ የሐዘንተኛዋን ልጆች ወደ ቤቷ ትወስዳለች። አንድ ቀን ይህንኑ ሲያስቡ ቆይተው እንዲህ አሉ፦ «እኔ ስሞት ብዙ ሰው አልመኝም። ሰው ሁሉ ሲነሣ ጉልበቷ አልነሣ ብሏት ከለቅሶዬ ተቀምጣ የምትቀር አንዲት ሴት ብትኖረኝ ግን ደስ ይለኝ ነበር።» አቶ ቦንሳ ግን «እግዚአብሔር ምሕረቱን ይላክልሽ፤ ምን ሞት ታወሪያለሽ» ብለው አለፉት።

ሞልቱ ካረፈች በኋላ ይህ ቃል አላስቀምጥ አላቸው። በቅዳሴ መካከል ይመጣባቸዋል፤ ዳቦ ሊገዙ ሲወርዱ ከደረጃው ላይ ይይዛቸዋል። ሰው ለሚወደው ሰው ሊያደርግለት የሚችለውን ሳያደርግ ሲቀር፣ ናፍቆቱ ከሐዘኑ ይልቅ ይረዝማል። አቶ ቦንሳ ሚስታቸውን ናፈቁ፤ የናፈቀችውንም አገር አብረው ናፈቁ።

ልጃቸው ሴና መካኒሳ ትኖራለች፤ በአንድ መሥሪያ ቤት የክፍል ኃላፊ ናት። አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ አባቷን ልትጠይቅ መጥታ ሳለ፣

«አባዬ፣ ጉድ ልንገርህ?» አለች። «ሰሞኑን ለኃላፊዎች የአመራር ሥልጠና ነበረን። ያንተን ፊዚክስ ነው ሲያስተምሩን የሰነበቱት።»

«የኔን ፊዚክስ? ለኃላፊ? ምን ሊያደርግላችሁ?»

«መሥሪያ ቤት እንደ ሰዓት አይደለም፤ እንደ ሕያው ነገር ነው አለን አሠልጣኙ። ከዚያ ስለ ኤሌክትሮን አነሣ። ልታየው ብርሃን ስትልክበት በዚያው ትነካዋለህ፤ ስለዚህ ያየኸው ነገር ሳታየው የነበረው አይደለም አለ።»

«እንዴ! ይህማ ለፈተና ያስሸመደድኳችሁ ነው» አሉ አቶ ቦንሳ ቅር ብሏቸው። «ሰውና ኤሌክትሮን ምን አገናኛቸው? ሰው ነፍስ አለው። ዕውቀትን ከቦታው አንሥቶ ወደ ገበያ ማውጣት ነውር ነው።»

«እሱም ምሳሌ ነው ብሎናል እኮ፤ ቶሎ አትቆጣ። ያለው እንዲህ ነው፤ ሠራተኛ የገባበትን ሰዓት ብቻ ከለካህ፣ ሰዓት አክብሮ የሚገባ ሠራተኛ ታገኛለህ፤ ሥራው ግን የት እንደ ሄደ አታውቅም።»

አቶ ቦንሳ ፊታቸውን ወደ በረንዳው አዞሩ። ሴና አባቷ የተቀየሟት መስሏት ወሬ ለወጠች፤ እርሳቸው ግን ከዚያ በኋላ ያለችውን አንዱንም አልሰሙ። ድንኳኑ ነው የታያቸው። ሰዉ መምጣቱን ሊያውቁ ስም ይጠሩ ነበር፤ ሰዉም ለስሙ መጣ። መምጣቱን ሲለኩት መምጣቱ ሌላ ነገር ሆነ። ይህ የፊዚክስ ሕግ አለመሆኑን ከማንም በላይ ያውቃሉ። ቢሆንም ፈጣሪ በትንሿ ቅንጣት ላይ ያኖረውን ሥርዓት ሲመለከት የኖረ ዓይን፣ በሰው መካከል ያለውን ለማየት ትንሽም ቢሆን አይሠለጥንምን? እንዲህ እያሉ ሰነበቱ።

ሌላም ነገር ትዝ አላቸው። በልጅነታቸው ጤፍ በሚታጨድበት ወራት ጥቃቅን ወፎች በማሳው ላይ እየጎረፉ ይመጡ ነበር፤ እንደ አንድ ሸማ በሰማይ ላይ ይዘረጋሉ፣ ይታጠፋሉ፣ ዞረው ይወርዳሉ። አለቃቸው የትኛው ነው ብለው አባታቸውን ሲጠይቁ፣ አባታቸው ስቀው ወደ አጨዳቸው ተመለሱ። የኋላ ዘመን ተመራማሪዎች ነገሩን በኮምፒውተር ሲመረምሩት አለቃ አልተገኘም፤ እያንዳንዷ ወፍ አጠገቧ ያሉትን ጥቂቶች እያየች ትበራለች፤ ከዚያች ትንሽ ጥንቃቄ ያ ታላቅ መንጋ ይሠራል። አቶ ቦንሳ ይህን በአንድ መጽሔት ላይ አንብበው ለተማሪዎቻቸው ተርከውት ነበር። የፉሪ መንደር እንደዚያ እንደ ነበረ ግን አሁን ገና ገባቸው።

በቀጣዩ የኮሚቴ ስብሰባ፣ በሕንፃዎቹ የጋራ አዳራሽ ውስጥ፣ አቶ ቦንሳ ስም ጥሪ ይቅር አሉ። አቶ አምሐ መነጽራቸውን አወለቁ። በአንድ ትልቅ መጋዘን በኃላፊነት ያረጁ ሰው ናቸውና የማይቆጠር ነገር ያስጨንቃቸዋል።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ጋሽ ቦንሳ፤ ስሙ ካልተጠራ ማን ይመጣል?»

«ሊመጣ የሚወድ ይመጣል።»

«የሚወድማ ቢኖር እድር ለምን እናቋቁም ነበር?»

ሰው ሳቀ። አቶ ቦንሳ ስለ ኤሌክትሮኑና ስለ ወፎቹ አስረዱ፤ ክፍል የገቡ ይመስል ቆመው ነበር የሚናገሩት።

«ከወፎቹ መካከል የለቅሶ ድንኳን የሚተክል አለ?» አሉ አቶ አምሐ።

ከኋላ የተቀመጡት አቶ ከድር እጃቸውን አወጡ። «እኔ ፊዚክሱ አልገባኝም» አሉ። «ግን ሱቄ በር ላይ ሆኜ ሰዎች ከለቅሶ ሲመለሱ አያለሁ። ፊታቸው የመብራት ክፍያ ከፍሎ እንደሚመለስ ሰው ነው። መምህሩ ይሞክረው እስቲ።»

ብዙ ከተከራከሩ በኋላ አንድ ስምምነት ላይ ደረሱ። ስም ጥሪው ከጥምቀት በኋላ እስከሚደረገው ጠቅላላ ጉባኤ ድረስ ይቆማል። ለቅሶው ሰው ካጣ ግን ጥሪው ይመለሳል፤ አቶ ቦንሳም ሊቀ መንበርነቱን ይለቃሉ። አቶ ቦንሳ ለወንበሩ አልሳሱም። የፈሩት ሌላ ነው፤ ይህ ሙከራ ከከሸፈ ሞልቱ የናፈቀችው ነገር በዚህ ቦታ ጨርሶ የማይበቅል መሆኑ ይረጋገጣል።

ከዚያ በኋላ የመጀመሪያው ሐዘን በወይዘሮ ተናኘወርቅ ቤት ደረሰ፤ አብረዋቸው ይኖሩ የነበሩ አሮጊት እናታቸው ዐረፉ። ቀጄላ ለፈፈ። ድንኳኑ ተተከለ፣ አግዳሚው ተደረደረ። ሰው ግን አልመጣም። በቀብሩ ዕለት ጥቂቶች ብቅ አሉ፤ በማግስቱ ወይዘሮ ተናኘወርቅ በባዶ ወንበር ተከብበው ዋሉ። ነፋሱ የድንኳኑን ጨርቅ እያርገበገበ ያልፋል። አቶ አምሐ ከበሩ ቆመው፣ «ኤሌክትሮኖቹ ዛሬም ቀሩ» አሉ። ቀልድ ነበር፤ የሳቀ ግን አልነበረም፤ እርሳቸውም አልሳቁ።

አቶ ቦንሳ ወደ ሐዘንተኛዋ ቀርበው ሊያጽናኑ ጎንበስ ሲሉ፣ ወይዘሮ ተናኘወርቅ ቀና ብለው አዩአቸው።

«ጋሽ ቦንሳ፣ በእኛ ላይ ነው የሞከሩት?»

ይህ ቃል ከአጥንታቸው ገባ። ቤታቸው ገብተው ዳዊታቸውን ከፈቱ፤ ፊደሉ አልታይ አላቸው። ወይዘሮ ተናኘወርቅ በተቀመጡበት ወንበር ላይ ሞልቱን ነበር የሚያዩት። ሠልስቱ ካለፈ በኋላ ይቅርታ ሊጠይቁ ወደ ሴትየዋ ቤት ሄዱ። ወይዘሮ ተናኘወርቅ ቁጣቸው በርዶ ነበር፤ ሻይ አቀረቡላቸው።

«እርስዎን ብቻ ምን አድርጌ እወቅሳለሁ» አሉ። «ከእኔ በር ትይዩ የሚኖረው ሰውዬ ሊያጽናናኝ ዘግይቶ መጣና ምን እንዳለኝ ያውቃሉ? ‹እናት እንዳለችዎት አላውቅም ነበር።› እናቴ እዚህ ቤት ስንት ክረምት ተኝታለች! ሳሏ በግድግዳው ያልፍ ነበር እኮ።»

አቶ ቦንሳ የሻይ ብርጭቆውን አስቀመጡ። ስሕተታቸው አሁን ታያቸው። ወፎቹ ይተያያሉ። ይህ ሕንፃ ግን በር ብቻ ነው። እርሳቸው ሰዉን የሚገፋውን ኃይል አነሡ እንጂ፣ አንዱን ከአንዱ የሚያገናኘውን ነገር አላኖሩም። በአባታቸው መንደር ውስጥ ዋይታውን የሰማ የሚሮጠው፣ የማን ድምፅ እንደ ሆነ ስለሚያውቅ ነበር።

ትእዛዝ ማውጣት ግን አልፈለጉም፤ ትእዛዝ ከወጣ አቶ አምሐ ይቈጥሩታል፣ ከተቈጠረም ያው ነው። ከራሳቸው ጀመሩ። ከደጃፋቸው ትይዩ ያለውን በር አንኳኩ። ዓመታት ሙሉ ሲከፈትና ሲዘጋ የሰሙት በር ነው። አንዲት ወጣት ሴት ሕፃን አቅፋ ብቅ አለች፤ ቤዚ ትባላለች።

«ውኃ ሊጠፋ ነው?» አለች፤ ሰው በሯን ካንኳኳ ሌላ ጉዳይ ይኖረዋል ብላ አልጠረጠረችም።

«የለም፣ ልጄ። እኔ ከፊት ለፊትሽ ነኝ። ማን ማን እንዳላችሁ ልጠይቅ መጣሁ።»

«ለምዝገባ ነው?»

«ምዝገባም አይደለም። ለማወቅ ያህል ነው።»

ቤዚ ግራ ገብቷት ወደ ኋላ ዞር ብላ ባሏን ጠራች። ባልየውም ግራ ገባው። ሽማግሌን በር ላይ ማቆም ነውር ስለሆነ አስገቧቸው። ሲወጡ ግን የሕፃኑን ስም፣ የቤዚን እናት ሕመም፣ ባልየው የሌሊት ተረኛ መሆኑን አውቀው ነበር፤ እነርሱም ሞልቱ የምትባል ሴት በዚህ ፎቅ ላይ ኖራ ማለፏን ዐወቁ። ከዚያ በግራና በቀኝ ያሉትን በሮች አንኳኩ። ላገኙት ሁሉ የሚሉት አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ «ሦስቱን በሮች ዕወቅ። የፊት ለፊቱን፣ የግራውን፣ የቀኙን። ስለ ሌላው አትጨነቅ።»

አቶ አምሐ ይህን ሰምተው «የበር ሳይንስ» የሚል ስም አወጡለት። አቶ ከድር ግን ሱቃቸው ውስጥ ሆነው ለገዢው ሁሉ ያወሩታል። «ዘይቱን እሰጥሃለሁ፤ አስቀድመህ የፊት ለፊትህን ሰው ስም ንገረኝ» ይላሉ። ያላወቀ ደንበኛ ይስቃል፤ አንዳንዱም አፍሮ ይመለሳል። ከአቶ ከድር መኖሪያ ቤት በር ትይዩ ደግሞ የሚኖሩት ራሳቸው አቶ አምሐ ነበሩ። «ጎረቤቴ፣ የእርስዎን ስም የማላውቅ ብሆን ኖሮ ምንኛ በታደልኩ!» እያሉ ሲያበሽቋቸው አቶ አምሐም «እኔ የእርስዎን ስም የምጠራው ቀሪ ሲሆኑ ነው» ይሏቸዋል።

ነገሩ ይዛመት አይዛመት አቶ ቦንሳ የሚያውቁበት መንገድ አልነበራቸውም። ዕድሜውን ሲለካና ሲመዝን ለኖረ መምህር ይህ ከባድ ጾም ነው። በደረጃው ሲወርዱ ሁለት ሰዎች ቆመው ሲነጋገሩ ካዩ ልባቸው ይዘላል፤ ስለ ምን እንደሚነጋገሩ ቀርበው እንዳይሰሙ ግን ራሳቸውን ይገሥጻሉ። እስከዚያው ሐዘን አልደረሰም፤ ስለዚህም እግዚአብሔርን አመሰገኑ።

በታኅሣሥ የወይዘሮ ሞልቱ መንፈቅ ደረሰ። አቶ ቦንሳ በማለዳ ተነሥተው፣ ጧፍ ይዘው፣ ፉሪ አጠገብ ወዳለችው ቤተ ክርስቲያን ሄዱ። ስልካቸውን ከቅጽሩ ሳይገቡ አጠፉ። ጸሎተ ፍትሐቱ ከተፈጸመ በኋላም አልተመለሱም፤ ከመቃብሩ አጠገብ ካለው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ዙሪያውን የሚያውቁት መንደር የለም፤ አጥርና ጅምር ግንብ ብቻ ነው። የአባታቸው ማሳ በየትኛው ቤት ሥር እንደ ሆነ ሊገምቱ ሞከሩና ተዉት። በልባቸው ግን ከሞልቱ ጋር ብዙ ተጨዋወቱ። የቤዚ ሕፃን ዳዴ ማለት እንደ ጀመረ፣ ከድር ሰዉን በዘይት እንደሚፈትን፣ አምሐ እንደሚያሾፍባቸው ነገሯት። የጠየቀችውን ዘግይተው ሊፈጽሙ እየሞከሩ እንደ ሆነም ነገሯት። ቀትር አልፎ ጥላው ሲዞር ተነሥተው በታክሲ ወደ ጀሞ ተመለሱ።

ከሕንፃዎቹ መካከል ሲደርሱ ያዩት ነገር አቆማቸው። በሁለት ሕንፃዎች መካከል ሸራና መጋረጃ፣ አንሶላ ሳይቀር፣ ከመስኮት ወደ መስኮት በገመድ ተወጥሮ ጥላ ሆኗል። ከሥሩ ብዙ ሕዝብ ተቀምጧል። የተቀመጡበት ግን የእድሩ አግዳሚ አይደለም። የምግብ ጠረጴዛ ወንበር አለ፣ የእንጨት ዱካ አለ፣ የሕፃናት የላስቲክ በርጩማ አለ፣ ከአንድ ሳሎን የወጣ ሶፋም አለ። አቶ ቦንሳ እጃቸውን ወደ ኪሳቸው ሰደዱ። የድንኳኑና የወንበሩ መጋዘን ቁልፍ ከእርሳቸው ዘንድ ነበር።

አቶ አምሐ ከሰዉ መካከል ተነሥተው መጡ። ድምፅ ማጉያ አልያዙም።

«ጋሽ ቦንሳ፣ ከድር ዐረፈ» አሉ።

«የቱ ከድር?»

አቶ አምሐ በእጃቸው ወደ ሱቁ አመለከቱ። ሱቁ ተዘግቷል። አቶ ቦንሳ አዩት።

«ጠዋት ሱቁን ሲከፍት ነው፤ ልቡ ነው አሉ» ቀጠሉ አቶ አምሐ። «ሚስቱ ሀኒፋ ስትጮኽ ቤዚ በደረጃው እየወረደች ነበር። ሕፃኑን ለሌላ ሰጥታ ገባች። እኔም ፊት ለፊቱ ነኝና ደረስኩ። በእነሱ ሥርዓት አስከሬን አይቆይም፣ ያውቃሉ። ለቁልፉ ደወልኩ፣ ደወልኩ፤ ስልክዎ ዝግ ነው። ተጠሪዎቹን ልሰበስብ ሄጄ ስመለስ...» እጃቸውን ወደ መጋረጃው ዘረጉ። «ማን አዘዛችሁ ብዬ ጮኽኩ። የሚሰማኝ ጠፋ! አንዱ ገመድ ያሥራል፣ አንዱ ወንበር ያወርዳል። የሚያጥቡትን ሰዎች ከመስጊድ ያመጣቸው ማን እንደ ሆነ እስካሁን አላውቅም። የሀኒፋን ልጆች ከትምህርት ቤት ያመጣቸውንም አላውቅም። ከቀትር ሶላት በኋላ ቀበርነው። ሰው መኪና አጥቶ በእግሩ ተከተለ።»

«ቀበራችሁት» አሉ አቶ ቦንሳ።

«ቀበርነው። ልንጠብቅዎት አልቻልንም።»

በሞልቱ ድንኳን ውስጥ ሱቁን ዘግቶ የተቀመጠላቸው ሰው ወደ አፈር ሲወርድ አቶ ቦንሳ በሌላ መቃብር አጠገብ ስለ እርሱ ሲያወሩ ነበር። ወደ ሀኒፋ ሄዱ። ወይዘሮ ሀኒፋ በሴቶች መካከል ተቀምጠዋል፤ በአንድ ጎናቸው ወይዘሮ ተናኘወርቅ አሉ፤ ሁለቱም አያለቅሱም፣ እጅ ለእጅ ብቻ ተያይዘዋል።

«አላህ ያጽናሽ፣ ሀኒፋ። አልነበርኩም...»

«ሞልቱ ዘንድ እንደሚሄዱ ነግሮኝ ነበር፣ ጋሼ» አሉ ወይዘሮ ሀኒፋ። «ትናንት ማታ ‹መምህሩ ነገ ሚስቱ ዘንድ ነው፤ ሲመለስ ሻይ አፍዪለት፣ ሆዱ ባዶ ይሆናል› አለኝ።» ከዚያም ወደ ተቀመጠው ሕዝብ እያዩ፣ «ሰዉን አዩት? እኔ ማንንም አልጠራሁም» አሉ።

አቶ ቦንሳ ከጥላው ዳር ቆሙ። ሊቀ መንበር እንደ መሆናቸው የሚያዝዙት ነገር በዓይናቸው ፈለጉ፤ የጎደለ አልነበረም። የሚቀመጡበት ወንበርም አልነበረም፤ ሰዎች ሊነሡላቸው ሲሉ በእጃቸው ከለከሏቸው። የተመኙት ነገር ይኸው በፊታቸው አለ፤ ያለ እርሳቸው ተሠርቷል፤ እንዲህ እንዲሆንም ነበር የተመኙት። ሆኖም ከደስታ ይልቅ አንድ ባዶ ነገር በውስጣቸው ተከፈተ። ይህን ነገር ሮጠው ሊነግሯት የሚሹት አንዲት ሴት ነበረች። ሰምቶ የሚያሾፍባቸው፣ አሹፎም አብሯቸው የሚቀመጥ አንድ ባለሱቅ ነበረ።

«ጋሽ ቦንሳ!» አለች ቤዚ ከሰዉ መካከል፤ የውኃ ጆግና ብርጭቆ በእጃቸው አስያዘቻቸው። «እስቲ በዚህ በኩል ላሉት ያድሉልኝ፤ እኔ ሕፃኑን ልይ።»

«እሺ፣ ልጄ» አሉ።

ከዳር ጀመሩ። እየቀዱ ይሰጣሉ፤ የጠጣው ብርጭቆውን ይመልሳል፤ ለሚቀጥለው ይቀዳሉ። ብዙዎቹን በስም አያውቋቸውም ነበር። ከአንድ የማያውቁት ሽማግሌ ፊት ሲደርሱ፣ ልባቸው ወደ ሌላ ስፍራ ሄዶ፣ መቅዳታቸውን ሳያቆሙ ቆዩ። ውኃው ከብርጭቆው ጫፍ አልፎ በሽማግሌው ጣቶች ላይ ወረደ። ሽማግሌው እጁን አልሰበሰበም፤ ቀና ብሎ ፊታቸውን አየና በለሰለሰ ድምፅ፣

«ይበቃኛል፣ ወንድሜ» አላቸው።

አቶ ቦንሳ ጆጉን ቀና አድርገው ወደሚቀጥለው ሰው አለፉ።